ቦርሳውን ከለቀቀች በኋላ

ሹራብ ሠሪዋ ለእህቷ በስልክ ስትነግራት ነው የሰማሁት። ሰልዬ አይደለም። እሷ በረንዳዋ ላይ ቆማ ስታወራ ግቢው ሁሉ ይሰማል፣ እኔ ደሞ ከሥር ከተሰጣው አንሶላ መሃል ቆሜ ነበር፣ ትንሽ ጎንበስ ብዬ። አንሶላው የኔ አልነበረም እንጂ።

«ያየችማ ሴት አለች» አለቻት። «እዚሁ ሕንጻችን ውስጥ። ከጅምሩ እስከ መጨረሻው አይታለች፣ ግን ትንፍሽ አትልም። ማን ናት አትበይኝ፣ አስምላኝ ነው። አሮጊቷ ብትሰማ በጥርሷ ዘልዝላ ነው የምትበላት።»

አሮጊቷ እኔ ነኝ። ጥርስ ብዙም አልቀረኝም፣ ለዚህ ጉዳይ ግን ተውሼም ቢሆን አላጣም።

እዚያው አንሶላው ሥር ቁጢጥ አልኩ። ስንት ጊዜ በየበሩ እየዞርኩ «ያየ አለ ወይ?» ብዬ ለምኛለሁ። ሁሉም ደረቱን እየመታ «ብናይማ ኖሮ» ሲለኝ ነው የከረመው። ለካስ ከደረት መቺዎቹ አንዷ አይታ ነው የምትመታው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ልጄ ልብስ ሰፊ ናት፣ የመጨረሻዋ፣ ከኔ ጋር የቀረችው። ከጋራዡ አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሥራዋን ዘግታ ስትመጣ የግቢያችን በር ላይ አንዱ ከኋላዋ መጣና ቦርሳዋን ያዘ፣ እጇን በቢላ ተለተላት፣ ሄደ። ፊቱን አላየችውም። ቦርሳው ውስጥ የነበረው ሜትሯ፣ የልብስ ጠመኔዋ፣ የተገመሰ ዳቦና የኔ የዓይን ጠብታ ነው። ለዚህ ነው እንግዲህ።

በማግስቱ ፖሊስ ቦርሳውን ጉጠት እጅ ላይ አገኘው። ጉጠት የደረጃ ጠራጊያችን ልጅ ነው። ስሙን የሰፈር ልጆች ናቸው ያወጡለት፣ የያዘውን ስለማይለቅ። እዚሁ ደረጃ ላይ ሲድህ ነው ያደገው። «ወድቆ አገኘሁት» አለ። ደም የነካው ቦርሳ ወድቆ ሲያገኝ ደግ ልጅ ነውና አዘነለት መሰለኝ፣ አነሳው።

ሐኪሙ እጇን ሰፋላት። ፋሻው ሲፈታ ልጄ አገላብጣ አየችውና «እማዬ፣ ይሄ ስፌት እኔ ጋ ቢመጣ ተርትሬ ነበር የምመልሰው» አለችኝ። ሳቅን። ከዚያ መቀሷን አነሳች። አውራ ጣቷ አልታጠፍ አለ። ጅማቱ ነው አሉን በኋላ። ስንት ድርብ ጨርቅ ባንዴ ስትቆርጥ የኖረች ልጅ፣ መቀሱ ከእጇ ሾልኮ ወለሉ ላይ ወደቀ። አነሳችው፣ ወደቀ። ከዚያ በኋላ አላነሳችውም። በእግሯ ወደ ግድግዳው ገፋ አደረገችውና ልትተኛ ገባች።

እኔ ያን ዕለት ነው ቂሜን የቋጠርኩት። ስቋጥር ደሞ አጥብቄ ነው።

የሰፈሩ ሰው ደሞ ይባስ ብሎ «ምነው ለቃለት ቢሆን» ይላል። እያንዳንዱ የመጣ ጠያቂ ወንበር ስቦ ይቀመጥና፣ ያመጣውን ብርቱካን ጠረጴዛው ላይ ያኖርና፣ «ለአንድ ቦርሳ ብላ፣ ምነው ለቃለት ቢሆን» ይላል። ልጄ «ለቅቄለት ነበር» ትላለች። «አይ፣ በድንጋጤ ነው፣ አታስታውሺውም» ይሏታል። እሷም ኋላ ኋላ ዝም አለች። የራሷን እጅ ራሷ ያስቆረጠችው ያህል አደረጓት።

በዚሁ መሃል ነው ቀጭኑ የመጣው። ቀጭኑ የምንለው አዲሱን ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ኮቱ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። የሰፈሩን ሰው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰበሰበና «ከዛሬ ጀምሮ ቀልድ የለም» አለን። ድሮ በስለት አስፈራርቶ የዘረፈ፣ የወጋ፣ ሁለት ዓመት ተፈርዶበት፣ እሱንም ሳይጨርስ ነበር የሚወጣው። አሁን፣ ልጄ ከመቆረጧ ጥቂት ቀደም ብሎ በወጣው አዲስ ሕግ፣ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ነው። «አንዱ ሲገባ ሌላው ይፈራል፣ ከተማችን ትተነፍሳለች» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የቁም ነገር ወሬ ብዙ አይገባኝም፣ አሥራ አምስት ስትባል ግን ሰማሁ። ቁጥሯን አፌ ውስጥ እንደ ከረሜላ እያገላበጥኩ ነው ቤቴ የደረስኩት። ሲገባ ጺም ያላበቀለ፣ ሲወጣ አናቱ የተመለጠ። ከልጄ ቆርጦ የጣለውን ዕድሜ ከራሱ ዕድሜ ላይ ቆርጠው ሲጥሉለት። በላዩ ላይ ደሞ የጥርስ ሕመም ጨመርኩበት። ትኋን ጨመርኩበት። የሚያንኮራፋ ጎረቤት ጨመርኩበት። እንዲህ እያልኩ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ፣ ጥሩ እንቅልፍ።

ቀጭኑ ቢሮው ጠርቶን የነገረን ግን ሌላ ነው። «የዓይን ምስክር የለንም እማማ» አለኝ። «ቦርሳው እጁ ላይ መገኘቱ ብቻውን የሚያስፈርድበት ትንሽ ነው። ልጅዎ እጇን ማጠፍ ሳትጀምር ይወጣል። ካቻምናም እኮ በነርሷ ጉዳይ ተይዞ ያየ ጠፍቶ ነው የተለቀቀው።» ነርሷ ሦስተኛ ፎቅ ተከራይታ የነበረች ልጅ ናት። ጎኗን ተወግታ፣ ሲሻላት ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። ደህና ሁኑም አላለችን።

እንግዲህ ሹራብ ሠሪዋን አንሶላ ሥር ሆኜ ስሰማት ምን እንደሆንኩ ከዚህ ተነስታችሁ ገምቱት።

መጀመሪያ የሄድኩት አለቃ ጋ ነው። አለቃ ጓደኛዬ ናት። የሴቶች እስር ቤት ጠባቂ ሆና ነው ያረጀችው፣ ስሟንም ያገኘችው ከዚያው ነው። ጡረታ ወጥታም አረማመዷ አልተዋትም፣ ኮሪደር ላይ ስትሄድ የሰዉን በር ሁሉ ገፋ እያደረገች ነው፣ መቆለፉን ለማየት። ወሬ አትወድም። እንዴት ጓደኛሞች እንደሆንን አታውቁም፣ እኔም አላውቅም።

«ያየች አለች» አልኳት። «አገኛታለሁ። አገኛትና አሥራ አምስት ዓመቱን አስጎርሰዋለሁ። ገብቶ ይበስብስልኝ።»

«ይግባ» አለች። ካልሲ እየጠቀመች ነበር።

«ሌላውም አይቶ ይፈራል ይላል ቀጭኑ።»

«ይበል። እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ስጠብቃቸው፣ ‹ዓመቱን አስልቼ ነው ያደረግኩት› ያለችኝ አንዲት የለችም። ‹ማንም አያወራም ብዬ ነበር› ነው የሚሉኝ።»

«ሌላው ፈራ አልፈራ ምን አገባኝ። እኔ የምፈልገው እሱን ነው።»

«እሱን ካልሽማ ሌላ ነገር ነው» አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። እሷ ጥርስ አላት።

ያየችውን ሴት እንዴት እንደማገኛት እዚያው ቁጭ ብዬ ነው የመጣልኝ። ራሴን ስለማውቅ ነው። እኔን አስረህ ብትገርፈኝ ምስጢር ላወጣም ላላወጣም እችላለሁ። ግን በዓይኔ ያየሁትን ነገር አንዷ ፊቴ ቆማ አበላሽታ ብታወራው፣ ቀዩን ሰማያዊ ብትለው፣ አፌ ራሱ ነው የሚከፈተው። «አይ፣ እንደሱ አይደለም» ሳልል እንቅልፍ አይወስደኝም። ይሄ ሕንጻ ደሞ በኔ ቢጤ የተሞላ ነው።

እና አንድ የተበላሸ ወሬ አዘጋጀሁ። ልጁ ቆብ አድርጎ፣ ከጋራዡ በኩል እየሮጠ መጥቶ፣ በተሰበረ ጠርሙስ ቆረጣት፣ እሷም ጮኸች፣ ቦርሳዋን አለቅም ብላ ታገለችው፣ ከዚያ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሮጠ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሸት። ልጄ የነገረችኝን ሁሉ ገልብጬ ነው የሰፋሁት።

ይዤው ዞርኩ። ልብስ አጣቢዋ ጋ፣ ሳሙናው ክንዷ ላይ እየደረቀ አዳመጠችኝና «ወይ ጠርሙስ፣ እኔ ቢላ ነው ስል» አለች፣ እሱንማ ሁሉም ሰምቷል። የአስተማሪው ሚስት ጋ ሄድኩ፣ እንባዋን ጠራረገችልኝ። ምድር ቤት የምትኖረዋ ጋ ሄድኩ፣ እሷ እንኳ እኔን ልታርም የራሷንም ወሬ አትጨርስም። ሹራብ ሠሪዋ ደሞ እኔ ሳወራ ፊቷ ደም መሰለ፣ ግን የሰማች እንጂ ያየች አይደለችም፣ የሰማ ሰው አፉን መያዝ ይችላል።

በመጨረሻ ባለሱቋ ጋ ገባሁ። የሱቋ በር ከግቢው በር ፊት ለፊት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ግን «ያን ዕለት ቀደም ብዬ ዘግቼ ሄጃለሁ» ብላ ስለነበር ለመጨረሻ ነው ያቆየኋት። ስኳር ስትመዝንልኝ ጀመርኩ።

«የሚገርመኝ እኮ ቆቡ ነው» አልኳት። «ቆብ አድርጎ ከጋራዡ በኩል ሲሮጥ።»

ማንኪያዋ ትንሽ ቆም አለ። ቀጠለች።

«በጠርሙስ ነው አሉ የቆረጣት።»

ስኳሩን ጨመረች፣ ቀነሰች።

«እሷም ስትጮህ ሰፈሩን አናወጠችው። የኔ ልጅ መቼም ግትር ናት፣ ቦርሳዋን አለቅም ብላ ስትታገለው፣ ስትጎትት፣ ስትጎትት—»

«አልጮኸችም» አለች ባለሱቋ።

መዝጊያ ገፍተህ ሲከፈትልህ አትንጫጫም።

«ድምጿም አልወጣ። አልጎተተችም እማማ፣ ምን ትጎትታለች። ለቃለታለች። ቦርሳውን ለቃለት፣ እጆቿን እንዲህ ወደ ላይ አድርጋ ቆማለች። ይዞት ሁለት ርምጃ ሄዶ ነበር። ከዚያ ተመልሶ ከጀርባዋ መጣና—»

ያን ጊዜ ነው ምን እያለች እንደሆነ የገባት። የስኳሩ ከረጢት ከእጇ አመለጠ።

የመጣሁት ያየችውን ለመያዝ ነበር፣ ይዣታለሁም። ይሄን ግን አልጠበቅኩትም። ለቃለት ነበር። ልጄ እውነቷን ነበር። ቦርሳውን ይዞ ሄዶ ነበር፣ ተመልሶ ነው የቆረጣት። ለምን? እንዲሁ። እጆቿን አንስታ ስለቆመች። እስከዚያች ሰዓት የነበረኝ ቂም ለካ ቂም አልነበረም፣ ማኩረፍ ነው። አሁን ነው ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ቀጥ ብሎ የቆመው።

«የት ሆነሽ አየሽ?» አልኳት።

«መዝጊያውን ዝቅ አድርጌ እንቁላል ስደረድር ነበር። ከሥር ይታያል።»

«እና ለምን አልተናገርሽም?»

«እማማ፣ እናቱ ደጄን ትጠርግልኛለች» አለችና አለቀሰች። «ልጁ ወተት በጣሳ እየሰጠሁት ነው ያደገው። አሥራ አምስት ዓመት ይሰጡታል እያሉ። እኔ ነኝ እንግዲህ የማስገባው?»

«ቢላውን አንቺ ነሽ የሰጠሽው?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው የምታስገቢው አንቺ አይደለሽም» አልኳትና ስኳሬን ሳልይዝ ወጣሁ።

በማግስቱ በርጩማዬን ይዤ ሱቋ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ነገር አልፈለግኩም፣ ፀሐይ ለመሞቅ ነው። ፀሐዩ እዚያ አይደርስም እንጂ። ሰው ሲመጣ «ስኳር ከሆነ የፈለግሽው ግቢ» እላለሁ፣ «እውነት ከሆነ ግን ሱቁ ውስጥ አለ፣ አትሸጥልሽም።» «ዘይት ነው?» እላለሁ፣ «ቀስ ብለሽ አንሺ፣ ባለቤቷ ያየችውን ሁሉ ነው የምትደብቀው፣ አንቺንም መደርደሪያ ላይ ታስቀምጥሻለች።» ሰዎቹ ይስቃሉ፣ ከዚያ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ አይስቁም። ባለሱቋ ከውስጥ ሆና «እማማ፣ ባክዎ» ትለኛለች። «እኔ ምን አልኩ» እላለሁ፣ «እድሜዬ ነው፣ እቃዣለሁ።» በሚቀጥለውም ቀን ሄድኩ። ከዚያም በኋላ። አልክድም፣ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሰነበትኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ደረጃ ጠራጊዋ ግን አላስደሰተችኝም። ወሬውን ሰምታለች፣ ሕንጻው ሁሉ ሰምቷል። የኔን በራፍ ሁለቴ ትጠርግ ጀመር፣ ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ። አንድም ነገር አትለኝም። «የኔን ተይው» አልኳት አንድ ቀን። «ሥራዬ ነው እትዬ» አለችኝ፣ ቀና ሳትል። እጇ ላይ ያለው መጥረጊያ እጀታው ብቻ የቀረ ነበር። እሷን አልጠላሁም። ሰው ሁለት ነገር ባንዴ ሆዱ ውስጥ መያዝ ይችላል፣ እኔ ትልቅ ሆድ አለኝ። ግን ተመልሶ ነው የቆረጣት። በመጥረጊያ የሚጠረግ አይደለም።

ባለሱቋን የረታት የኔ በርጩማ አይደለም፣ ልጄ ናት። ክር ልትገዛ መጣች፣ የማትሰፋበትን ክር፣ ምን ታደርግበት እንደሆነ እንጃ። ባለሱቋ ክሩን ስትሰጣት ልጄ በግራ እጇ ተቀበለችና «ለቅቄለት እንደነበር አይተሽ ነበር አሉ» አለቻት።

ባለሱቋ ራሷን ነቀነቀች።

«እጄን አንስቼ ነበር?»

«አንስተሽ ነበር።»

«እኔ እኮ አብጄ መስሎኝ ነበር» አለች ልጄ። ሌላ አላለችም። ክሯን ይዛ ወጣች።

በሚቀጥለው ቀን ባለሱቋ ራሷ ሱቋን ዘግታ መጣችና «ቀጭኑ ጋ ውሰዱኝ» አለችን። ቃሏን ሰጠች። ቀጭኑ ከወንበሩ ብድግ ብሎ እጇን ጨበጣት። እኔ ያን ሌሊት ከረሜላዬን እያገላበጥኩ ተኛሁ።

የችሎቱ ቀን ግቢው ተነቅሎ ነው የወጣው። ሹራብ ሠሪዋ ሹራቧን ይዛ፣ አስተማሪው ከነሚስቱ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ አለቃ፣ ሁላችንም ኮሪደሩ ላይ ባለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን እንጠብቃለን። ምስክር ሳይጠራ አይገባም ተባልን። ፊት ለፊታችን ደረጃ ጠራጊዋ ብቻዋን ተቀምጣለች። ጫማዋን ቀለም ቀብታዋለች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ የሰው እጅ ይመስል ታያቸዋለች። ከኛ ማንም ሄዶ አጠገቧ አልተቀመጠም።

ጉጠትን በካቴና አስረው በፊታችን አሳለፉት። አየኝ።

«እንዴት አደሩ እማማ» አለኝ።

እንደ ሁልጊዜው። ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ እንደሚለኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አፌ ለምዶት «እግዚአብሔር ይመስገን» ሊል ጫፍ ደርሶ ነው የያዝኩት።

«ያንተ ማደርያ ነው የሚያሳስበኝ» አልኩት። «ገና ብዙ ታድራለህ።»

ፈገግ አለ። ፈገግታው ነው አንጀቴን ያሳረረው። ልጄን አየሁ፣ የታመመ እጇን ኮቷ ኪስ ውስጥ ከታ በሩን ብቻ ታያለች።

አስጠሪው በሩን ከፈት አድርጎ የባለሱቋን ስም ጠራ። ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን። አልተነሳችም።

«ተነሺ እንጂ» አልኳት።

«አልችልም» አለች።

«እንዴት አትችይም?»

«አሥራ አምስት ዓመት ነው እኮ እማማ። ሁለት ዓመት ቢሆን ኖሮ ዓይኔን ሳላሽ እናገር ነበር። እስቲ እዩዋት እናቱን። አሥራ አምስት ዓመት ግን ትከሻዬ አይሸከመውም። በየትኛው ፊቴ ነው ደረጃው ላይ የማልፋት?»

ደረጃ ጠራጊዋ ቀና አላለችም።

ቀጭኑ ከውስጥ ወጣ፣ ወረቀቱን ታቅፎ። «ምን ተፈጠረ? ዳኞቹ እየጠበቁ ነው።»

«ዓመቱ በዛባት» አለች ሹራብ ሠሪዋ፣ ሹራቧን ሳታቆም። «እውነቷን እኮ ነው። ምላሷን ቆርጠሽ ስጪን ነው ያላችኋት። ትንሽ ቀለል ያለ ቅጣት ቢሆን ሰው ለምን ይፈራል?»

«ወይዘሮ፣ ቅጣቱ ከጠነከረ ወዲህ በከተማው በስለት መውጋት ቀንሷል» አለ ቀጭኑ። «ይህንን ለማፍረስ ነው የምትፈልጉት?»

«መውጋቱ ነው የቀነሰው ወይስ የሚመሰክረው?» አለ አስተማሪው። እሱ መቼም ጥያቄ ካልጠየቀ ራሱን ያመዋል። «ዓመቱን እንዲህ ስትሰቅሉት ሰዉ አፉን ዘጋ። ዋናው እሱ ነው። እስር ቤቱ ደሞ ማንን አስተካከለ? ገብቶ ሠልጥኖ ነው የሚወጣው።»

«ይሠልጥን» አልኩ እኔ። «ስፌት ይሠልጥን። የልጄን ሥራ ይሥራላት።»

«እማማ፣ እርስዎ በቀል ነው የሚፈልጉት» አለኝ አስተማሪው።

«አዎ» አልኩት። «አንተ ምን መስሎህ ነበር ይሄን ሁሉ ደረጃ የወጣሁት፣ ለጤናዬ?»

ልብስ አጣቢዋ ሳቀች፣ ከዚያ አፏን ያዘች። ነገሩ ግን ወደ ባለሱቋ እያጋደለ ነበር። «በቃ አትገባ» ይላል አንዱ። «እናትየዋ ታሳዝናለች» ትላለች አንዷ። «ሁለት ዓመት ቢሆን እኮ» ትላለች ሹራብ ሠሪዋ፣ «ሁለት ዓመት ቢሆን ሁላችንም እንመሰክር ነበር።» «እሱማ ምን ጥርጥር አለው» ይላል አስተማሪው። ባለሱቋ ከንፈሯን እየነከሰች በየተራ ታያቸዋለች፣ በተናገሩ ቁጥር ትከሻዋ ቀለል ይላል። አስጠሪው ሰዓቱን ያያል። ልጄ እጇን ከኪሷ አላወጣችም። እኔ ያን ሁሉ ለፍቼ፣ ከእጄ ላይ ሾልኮ ሲሄድ ይታየኛል፣ እንደ መቀሱ።

አለቃ እስከዚያን ጊዜ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ወደ ባለሱቋ መጣችና ፊቷ ቆመች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፣ ድሮም አታደርግም።

«ነርሷ የተወጋችው ሱቅሽ ደጃፍ ላይ ነው» አለቻት። «ሱቅሽ ክፍት ነበር። ሹራብ ሠሪዋ በረንዳዋ ላይ ነበረች። አስተማሪውም መስኮቱ ላይ ነበር። ሁላችሁም ነበራችሁ። ያኔ ሕጉ ሁለት ዓመት ነበር የሚለው። ለሁለት ዓመቱ የመሰከረው ማነው?»

የሹራብ ሠሪዋ እጅ ባለበት ቀረ። አስተማሪው መነጽሩን አወለቀ፣ አልጠረገውም፣ ያዘው ብቻ። ቀጭኑ ወረቀቱን ማገላበጥ ተወ። ደረጃ ጠራጊዋ ነበረች ቀና ያለችው፣ አንድ በአንድ አየችን።

አስጠሪው ስሟን ደግሞ ጠራ። ባለሱቋ ተነሳች። ማንንም ሳታይ በልጄ ፊት አልፋ ገባች፣ በሩም ተዘጋ።